ከጆርጅታውን የሚነሳው የጠጠር መንገድ

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ከተደረገ ንግግር የተጻፈ። ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ መልስ ደክሟችሁ ሳለ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ የእግርና የብስክሌት መንገድ ነው። መነሻው ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ያለው ጆርጅታውን ሰፈር ነው፤ ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ፣ ከጀልባ ቤቱ ጀርባ። እዚያ ዜሮ ማይልን የሚያመለክት ድንጋይ ቆሟል። ከዚያ ተነስታችሁ የፖቶማክን ሸለቆ ይዛችሁ ሽቅብ ብትሄዱ፣ ከምበርላንድ የምትባለው የተራራ ከተማ እስክትደርሱ 184.5 ማይል ከመኪና ጋር አትጋፉም። ከምበርላንድ ላይ ሌላ መንገድ ይቀበላችኋል። እሱ ደግሞ ተራራውን አሻግሮ 150 ማይል ርቆ ፒትስበርግ መሐል ከተማ ያገባችኋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ535 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ለመድረስ ምን ያህል እንደሚነዳ የምታውቁ ርዝመቱ ይገባችኋል።

እኛ እዚህ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ጆርጅታውንን እናውቃታለን። ብዙዎቻችን እዚያ መኪና አቁመናል፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሠርተናል፣ ሌሊት ታክሲ ነድተንባታል። መንገዱ ከኤም ስትሪት አንድ ብሎክ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ሆኖም ቅዳሜ ጠዋት እዚያ መንገድ ላይ የሚያጋጥሙኝ ሐበሾች በጣም ጥቂት ናቸው። ይህ ያሳዝነኛል። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ለዚሁ ነው።

ስለ ብስክሌት ሲነሳ ሁልጊዜ የሚመለስልኝ መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ዕድሜዬ ሄዷል፣ ዳገቱን አልችለውም፣ መኪና ይገጨኛል።» የመኪናው ነገር እውነት ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወይም ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ልጄን በብስክሌት አልለቅም፤ ማንም እንዲለቅ አልመክርም። የዳገቱን ነገር ግን ልመልስላችሁ። ለዚህ ታሪኩን ማንሳት ግድ ይላል፤ ምክንያቱም መንገዱ ለእግር የሚመች የሆነው የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ግድም ለበቅሎ ተብሎ ስለተሠራ ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ አካፋ ይዘው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ቁፋሮን አስጀመሩ። ሐሳቡ ከዋሽንግተን እስከ ኦሃዮ ወንዝ ድረስ ጀልባ የሚሄድበት ቦይ መቆፈር ነበር። በዚያችው ቀን ባልቲሞር ላይ የባልቲሞርና ኦሃዮ (ቢ ኤንድ ኦ) ባቡር የመጀመሪያው ድንጋይ ተጣለ። ሁለቱም ምዕራቡን ለመድረስ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ። ቦዩ የደረሰው በ1850 ነው፤ ስምንት ዓመት ዘግይቶ። ገንዘቡም አልቆ፣ ጊዜውም አልፎበት ስለነበር ከከምበርላንድ ወዲያ አልተቆፈረም።

ማን ቆፈረው? በአብዛኛው ከባሕር ማዶ የመጡ ድሆች፣ በተለይ አየርላንዳውያን። በ1832 ኮሌራ ገብቶ በየካምፑ ፈጃቸው። በ1834 ደግሞ ሥራ አንሶ ደመወዝ ሲቀር፣ ከአየርላንድ ከተለያየ አውራጃ የመጡ ሠራተኞች ዊልያምስፖርት አጠገብ እርስ በርስ ተጋደሉ፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን የፌዴራል ጦር ላኩ። አገራቸውን ጥለው የመጡ ሰዎች፣ በሰው አገር አፈር ሲቆፍሩ፣ በየመንደራቸው ተቧድነው ሲጋደሉ ማሰብ ልብ ይነካል። እዚያ ስታልፉ አስቧቸው።

አሁን ወደ በቅሎዋ ልመለስ። በቅሎ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ጀልባዎቹ ወደ 90 ጫማ የሚረዝሙ ነበሩ፤ ከከምበርላንድ እስከ 120 ቶን የሚደርስ ድንጋይ ከሰል ጭነው ይወርዳሉ። የሚጎትቷቸው በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹ በቦዩ ዳር በተደለደለ መንገድ ላይ በረጅም ገመድ እየጎተቱ ይሄዳሉ፤ ስድስት ሰዓት ያህል ሠርተው ጀልባው አፍንጫ ላይ በተሠራላቸው ጋጣ ያርፋሉ፤ ሌሎቹ ይተካሉ። ባለጀልባው ከነሚስቱና ከነልጆቹ እዚያው ላይ ይኖር ነበር። በቅሎዎቹን የሚነዱት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ናቸው። እኛ ዛሬ ብስክሌት የምንነዳበት መንገድ እነዚያ ልጆች ከበቅሎ ኋላ የተራመዱበት ነው።

የቦይ ውሃ እንዲቆም መሬቱ ለጥ ያለ መሆን አለበት። ሸለቆው ግን ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን 605 ጫማ ይወርዳል። መሐንዲሶቹ ቁልቁለቱን እንደ ደረጃ 74 ቦታ ከፋፈሉት። በእያንዳንዱ እርከን ላይ ከጥርብ ድንጋይ የታነጸ፣ ከፊትና ከኋላ ከባድ የእንጨት በር ያለው ጠባብ ክፍል አለ። እዚህ አገር ሎክ ይሉታል። ጀልባው ሲገባ በሩ ይዘጋል፤ ውሃ ይሞላል ወይም ይለቀቃል፤ ጀልባው ስምንት ጫማ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ በሌላው በር ይወጣል። በብዙው ሎክ አጠገብ በር ከፋቹ ከቤተሰቡ ጋር የሚኖርባት ትንሽ ቤት ነበረች። ከእነሱ ጥቂት የማይባሉት ዛሬም ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ታድሰው ለአዳር ይከራያሉ።

እንግዲህ ጉልበቴን ያመኛል ለምትሉኝ መልሴ ይህ ነው። እዚያ መንገድ ላይ ዳገት የምትሉት በሎኩ አጠገብ ያለችውን፣ ስምንት ጫማ የምትሆነውን አጭር ከፍታ ብቻ ነው። እሷን አለፋችሁ ማለት እስከሚቀጥለው ሎክ ድረስ፣ አንዳንዴ ለብዙ ማይል፣ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። ሐኪም «ተንቀሳቀስ» ያለው ሰው፣ ከወሊድ በኋላ ጉልበቷን የምትመልስ እናት፣ ጡረታ የወጣ አባት ከዚህ የተሻለ መንገድ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ወለሉ አስፋልት አይደለም። አገር ቤት ፒስታ የምንለው ዓይነት ነው፤ የተጠቀጠቀ አፈር፣ በየቦታው ደቃቅ ጠጠር የተነጠፈበት። ኮረኮንች ግን አይደለም። ከጆርጅታውን ርቃችሁ ስትሄዱ የዛፍ ሥር የሚያጋጥምበት፣ ከዝናብ በኋላ ጭቃ የሚይዝበት ቦታ አለ። ፓርኩ ረዘም ያለውን ክፍል በአዲስ ጠጠር እያደሰው መጥቷል፤ ያልደረሰው ቦታ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ይህን ወለል እወደዋለሁ። አስፋልት ላይ ሰው ፍጥነት ያምረዋል። ጠጠር ላይ ከጎማው ሥር የሚሰማው ድምፅ ራሱ ያረጋጋል፤ ፍጥነት ስለማይታሰብ ሰው ወንዙን፣ ዛፉን፣ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎችን ማየት ይጀምራል። ይህን ያየ ልጅ ስልክ አይጠይቅም።

በመንገዱ ላይ ያለውን ሁሉ ብዘረዝር ይመሻል። ሦስት ቦታ ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው ሞኖከሲ ነው፤ ማይል 42 ላይ። ቦዩ ሌላ ወንዝ ሲያጋጥመው በድልድይ ይሻገራል፤ ድልድዩ የሚያሻግረው ውሃውን ከነጀልባው ነው። በመንገዱ ላይ እንዲህ ያሉ 11 ድልድዮች አሉ፤ ትልቁ ሰባት ቅስት ያለው የሞኖከሲ ድልድይ ነው። በድንጋይ ብቻ የተሠራ፣ 516 ጫማ የሚረዝም። ላሊበላንና ጎንደርን ያየ ሰው ድንጋይ የሚያከብር ዓይን አለው፤ ይህን ሥራ ሲያይ ቆሞ የሚያደንቅ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ሃርፐርስ ፌሪ ነው፤ ማይል 60 አለፍ ብሎ። ሼናንዶዋና ፖቶማክ የሚገናኙበት፣ ገደሉ ከሦስት በኩል የቆመበት ቦታ። ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን በመሣሪያ ለማጥፋት የተነሳው እዚያ ነው። ሙከራው ከሸፈ፤ ተይዞ ተሰቀለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች። ወደ ከተማዋ ለመግባት ከቦዩ መንገድ ላይ የብረት ደረጃ ወጥታችሁ የባቡሩን ድልድይ በእግር ትሻገራላችሁ፤ ብስክሌቱን በትከሻ መሸከም ግድ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። ትምህርት ቤት የሚነገራቸውን ታሪክ ቦታው ላይ ቆመው ይስሙት።

ሦስተኛው ፓው ፓው ነው፤ ማይል 156 ግድም። ወንዙ እዚያ ጋ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ብዙ ይዞራል። ያንን ዙሪያ ለመቁረጥ ተራራውን መብሳት ተመረጠ። ሥራው በ1836 ተጀመረ፤ 3,118 ጫማ የሚረዝመው ዋሻ ያለቀው በ1850 ነው። ግድግዳው ከስድስት ሚሊዮን በላይ በሆነ ጡብ ተገንብቷል። ውስጡ መብራት የለም። በእጃችሁ ባለው መብራት እየተመራችሁ፣ ከብስክሌት ወርዳችሁ፣ የእንጨት መደገፊያውን እየዳሰሳችሁ በጠባቡ መሄጃ ታልፋላችሁ። ከታች ውሃው ጥቁር ሆኖ ይታያል። መደገፊያው ላይ ለዘመናት የተጎተተው ገመድ የቦረቦረው ቦታ በጣት ይዳሰሳል። አገር ብዙ አይቻለሁ፤ እዚያ ዋሻ ውስጥ የሚሰማኝን ግን ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

አሁን እጅግ ወደማከብረው ታሪክ ልምጣ። ይህ መንገድ ዛሬ ያለው እንዲያው ተረስቶ ስለቀረ አይደለም። ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

በ1889 ትልቅ ጎርፍ ቦዩን ሰባበረው፤ ኩባንያው ከሰረ። የ1924 ጎርፍ ከመጣ በኋላ ጀልባ ጨርሶ ቆመ። በ1938 መንግሥት በሁለት ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያ የሥራ ማጣት ዘመን ወጣቶችን ቀጥሮ ያሠራ የነበረው የመንግሥት ፕሮግራም ከጆርጅታውን እስከ ሴኔካ ያለውን 22 ማይል አስጠገነ። የጠገኑት ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች ናቸው፤ ያኔ ካምፑ ራሱ በዘር ተለይቶ ነበር። ዛሬ ቤተሰብ የሚንሸራሸርበት ያ ለስላሳ ክፍል በእነርሱ እጅ የዳነ ነው። «ይህ የፈረንጅ ቦታ ነው» የሚል ስሜት ለሚያድርበት ሰው ይህን እነግረዋለሁ።

ከዚያ 1950ዎቹ መጡ፤ አሜሪካ ሁሉን ነገር ለመኪና የምታደርግበት ዘመን። ቦዩን ተከትሎ ለሽርሽር የሚሆን የመኪና መንገድ እንዲሠራ ዕቅድ ወጣ። ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ በጃንዋሪ 1954 ዕቅዱን ደግፎ ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ይህን አንብበው ለጋዜጣው ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ርዕሰ አንቀጹን የጻፈው ሰው ከእኔ ጋር ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሩ ይሂድ፤ አይቶ ይፍረድ።

ጋዜጠኞቹ እሺ አሉ። ማርች 1954 ከከምበርላንድ ተነሱ። ዳግላስ 55 ዓመታቸው ነበር። ብዙ ሰው ተከተላቸው፤ በየመንደሩ ሕዝብ እየወጣ ተቀበላቸው፤ ከሳምንት በላይ ተጓዙ። እግር ቆሰለ፣ ሰው እየደከመ ተመለሰ። ሙሉውን መንገድ በእግራቸው የጨረሱት ዳግላስን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋዜጣው አቋሙን አሻሻለ። የመኪናው መንገድ ቀረ። በ1961 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የቦዩን ብዙ ክፍል ብሔራዊ ሐውልት ብለው አወጁ፤ በ1971 ሙሉው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

ከእግር ጉዞው እስከ ፓርኩ አሥራ ሰባት ዓመት አልፏል። ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ጉዞ፣ ከዚያ ዓመታት የፈጀ የማይታይ ድካም፤ ስብሰባ፣ ደብዳቤ፣ ምክር ቤት መመላለስ። ያን ያደረጉት ሰዎች ለእኔ አላሰቡም፤ እኔ ገና አልተወለድኩም፣ ወላጆቼም ከሌላ ክፍለ ዓለም ናቸው። ግን የድካማቸው ፍሬ ከደረሳቸው አንዱ እኔ ነኝ። እናንተም ናችሁ።

ከከምበርላንድ ወዲያ ያለው መንገድ ታሪኩ ይለያል። እሱን የሠራው ባቡር ነው። ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። ብረት ጎማ ብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ዞረው፣ በስተው፣ ሸለቆውን በድልድይ አሻግረው መስመሩን አለስልሰውታል። ከከምበርላንድ ወደ ምዕራብ 24 ማይል ያህል ትወጣላችሁ፤ ዳገቱ ግን ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም። ጫፉ ላይ፣ 2,392 ጫማ ከፍታ ላይ፣ ውሃ የሚለይበት መስመር አለ፦ በአንዱ በኩል የወደቀ ዝናብ በፖቶማክ በኩል ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላው በኩል የወደቀው በኦሃዮና በሚሲሲፒ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፒትስበርግ ድረስ አብዛኛው ቀስ ያለ ቁልቁለት ነው። ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ጫማ ያህል የሚረዝመው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ፣ ከሸለቆ በላይ 1,908 ጫማ የሚዘረጋው የሳሊስበሪ ድልድይ፣ ኦሃዮፓይል ላይ ያለው ፏፏቴ፣ የዮካጌኒ ወንዝ ገደል፤ ሁሉም በዚሁ ከከምበርላንድ ፒትስበርግ በሚሄደው መንገድ ላይ ናቸው። ወለሉ ደቃቅ የኖራ ድንጋይ ተጠቅጥቆበታል፤ ከቦዩ መንገድ ይልቅ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል።

የመጀመሪያው ቁራጭ ኦሃዮፓይል ላይ በ1986 ተከፈተ፤ የመጨረሻው ፒትስበርግ ላይ በ2013። ሃያ ሰባት ዓመት፣ ቁራጭ በቁራጭ። ባቡርና ማዕድን ጥሏቸው የሄደ ትናንሽ ከተሞች፣ ሜየርስዴል፣ ሮክዉድ፣ ኮንፍሉወንስ፣ ዛሬ ብስክሌተኛ ያሳድራሉ፣ ይመግባሉ። ሰዎቹ እንግዳ ተቀባይ ናቸው። ውሃ ልትጠይቁ የቆማችሁበት በር ላይ ወንበር ይወጣላችኋል።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምር፤ አሰልቺ ቢመስልም ለሁሉም ነገር መሠረቱ እሱ ነው። ባቡር ያቆመ ኩባንያ መስመሩን ሲተው፣ በብዙ ቦታ መሬቱ ዳርና ዳር ላለው ባለ መሬት ይመለሳል። አንዱ አጥር ያጥርበታል፣ ሌላው ጎተራ ይሠራበታል። አንድ ማይል ከመሐል ከተቆረጠ ደግሞ መቶው ማይል ከንቱ ነው። በ1983 የወጣ የአሜሪካ ሕግ መውጫ አበጀ፦ መስመሩ ለወደፊት ባቡር ቢያስፈልግ እንዲመለስ ታስቦ ሳይቆራረጥ ይቀመጥ፤ እስከዚያ ሰው ይራመድበት፣ ብስክሌት ይንዳበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉን አጸናው። ሁሉም የጠጠር መንገድ በዚህ የዳነ አይደለም፤ በግዢና በስጦታ የተገኘም አለ። ግን ይህ ሕግ ባይኖር ብዙው ይጠፋ ነበር።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሩቅ አትሂዱ። ከጆርጅታውን ቤተስዳ የሚመጣው ካፒታል ክረሰንት መንገድ ባቡር በ1985 ያቆመበት መስመር ነው። ከቤተስዳ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የነበረው ክፍል ደግሞ በ2017 ተዘግቶ ፐርፕል ላይን የሚባለው ባቡር እየተሠራበት ነው፤ የእግርና የብስክሌት መንገዱም ከባቡሩ ጎን እንዲመለስ ታቅዷል። መስመሩ ተጠብቆ ባይቆይ ኖሮ ባቡሩም መንገዱም ማለፊያ አያገኙም ነበር።

ይህን ሳነብ ልቤ ሁልጊዜ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዩ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ዛሬ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በራሱ ሰፊ ሐዲድ ይሄዳል። አሮጌው መስመር በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ነው። ያን መስመር ለማንና ለምን እንጠብቀው የሚለውን ጥያቄ ማንሳት ያለብን አሁን ነው፤ ከተቆራረሰ በኋላ መልሶ መግጠም አይቻልም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ አለ፣ ሕግ ያጠና አለ። አደራ እላለሁ።

ብስክሌት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ገረመው ደምቦባ በ1956 ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ በብስክሌት ተወዳድሯል። ጽጋቡ ገብረማርያም በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። መቀሌ ያደገ ሰው እሑድ እሑድ ስለሚደረገው ውድድር ሊነግራችሁ ይችላል። እዚህ ስንመጣ ግን ብስክሌት የልጅ መጫወቻ፣ ወይ መኪና ያጣ ሰው ነገር ሆኖብናል። ይህን አስተሳሰብ ልጆቻችን እንዳይወርሱት እፈልጋለሁ።

አሁን ለመጀመር ለሚያስብ ሰው።

ብስክሌታችሁ ውድ መሆን የለበትም። ጎማው ግን ሰፋ ይበል፤ 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። ቀጭን የውድድር ጎማ ይዛችሁ አትግቡ። ፍሬኑን አስመርምሩ፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡ፣ ፓራፋንጎ አስገጥሙ፤ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ጀርባችሁን ያለብሳችኋል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ትንሽ ፖምፓ ያዙ። ሄልሜት ለሁሉም፣ ለአዋቂም። ደወል ይኑራችሁ፤ እግረኛ ስታልፉ ደውሉ፣ ቀስ በሉ፣ ቅድሚያው የእሱ ነው። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ከማንኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላል፤ አባቶቻችን መንገድ የሄዱት በእሱ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን ሜትሮ ይዛችሁ ፎጊ ቦተም ውረዱ፤ ሜትሮ ብስክሌት ያስገባል። ከዚያ ጆርጅታውን ቅርብ ነው። ፍሌቸርስ ኮቭ ሦስት ማይል ነው፤ ከትንሽ ልጅ ጋር እሱ ይበቃል። የበረታ እስከ ግሬት ፎልስ ይሂድ፤ 14 ማይል ነው። ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተሰባበረ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ድካሙን ያስረሳል። በመኪና ከመጣችሁ እዚያ በር ላይ ይከፈላል።

አንድ ሌሊት ለማደር የሚያስብ ደግሞ በየጥቂት ማይሉ በነጻ የሚታደርበት ቦታ ያገኛል፤ ድንኳን መትከያ፣ ጠረጴዛ፣ መጸዳጃና በእጅ የሚቀዳ የውሃ ፓምፕ አለው። ቀድሞ የደረሰ ይይዛል። በብርዱ ወራት የፓምፑ እጀታ ስለሚነሳ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉውን ለሚመኝ፣ በዋሽንግተንና በፒትስበርግ መካከል የሚሄደው የአምትራክ ባቡር ብስክሌት ይጭናል፤ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ግን ግድ ነው። ከምበርላንድ ላይ ወርዳችሁ ወደ ቤታችሁ ቁልቁል መምጣት ለጀማሪ ጥሩ ነው። ወደ ፒትስበርግ የምታስቡ ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ግድም ስለሚዘጋ ጊዜውን አጣሩ።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ ለእናቶች። በሙቀቱ ወራት ሣር ውስጥ መዥገር አለ፤ ላይም የሚባል በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ስትመለሱ የልጆቹን ብብት፣ ከጆሮ ኋላና የፀጉር ሥር ፈትሹ። ተጣብቆ ካገኛችሁ በጉጠት ከሥሩ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት፤ ክብሪትም ቅቤም አትጠቀሙ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሽፍታ ወይም ትኩሳት ከታየ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው።

ካርታው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ውሰዱ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ መጀመሪያ ከኋላ እጃቸውን ያወጡት እናት ይናገሩ።